በእርሳስ ያወጣሁት አገጭ

በደርግ ጊዜ ቢቸና ላይ ፎቶ ቤት ነበረኝ። ጉረኛም ነበርኩ፤ እኔ ያነሳሁት ሰው ፉንጋ አይሆንም እያልኩ እመጻደቅ ነበር። የጎረቤቴ ልጅ ሞጣ ላለ አስተማሪ ስትታጭ ሰውየው በሽማግሌዎቹ በኩል ፎቶዋን ጠየቀ። ዓይኗ ያማረ ነው፤ አገጯ ግን ወደ ውስጥ የገባ ነበር፤ ሰው ፊት ስትቀርብ በነጠላዋ ትሸፍነዋለች። አሳዘነችኝ። ኔጋቲቩ ላይ እርሳስ የነካው ቦታ ፎቶው ሲታተም ነጥቶ ይወጣል፤ ከአገጯ ሥር ያለውን ጥላ በእርሳስ ሞላሁና አገጭ አወጣሁላት። ሳልጠይቃት። ፎቶውን ስታይ ግራ ገባት፤ እኔ ነኝ ወይ አለች። መብራቱ ነው ያሳመረሽ አልኳት። አመነችኝ።

ከሠርጉ ሁለት ወር በኋላ ብቻዋን መጣች። ባሏ የሌላ ሴት ፎቶ ልከሽ አታለልሽኝ ብሎ ሊፈታት ነው።

"ጋሼ፣ እባክዎ ሞጣ ድረስ ይምጡና ፎቶው የኔው መሆኑን ይንገሩልኝ" አለችኝ።

የቀበሌ መታወቂያ ፎቶ የማነሳው እኔ ነበርኩ። ፊት ይለውጣል ከተባልኩ ቤቴ ይታሸጋል፣ እኔም እታሰራለሁ ብዬ ፈራሁ። ምን እዋሻለሁ፣ ከእስሩ ይልቅ ያስጨነቀኝ ስሜ ነው። ጤና ጣቢያ የሚሠራ ጓደኛዬ አዲስ አበባ አገጭ እንደሚያስተካክሉ አጫውቶኝ ነበር፤ ወይ ከዳሌ አጥንት ወስደው ይጨምሩበታል፣ ወይ የአገጩን አጥንት ቆርጠው ወደፊት ይገፉታል። ሞጣ መሄዱን ትቼ ይህንኑ እንደ ቀላል ነገር ነገርኳት። ፎቶውን ትመስያለሽ አልኳት፤ ምነው ያኔ አፌን ቁርጥ ባደረገው!

ባሏ እስኪ ይሁን ብሎ ታገሠ። አባቷ ወሰዷት፤ አጥንቷን ቆርጠው ገፉት። ሐኪሙ ፎቶውን ሲያይ በእርሳስ የተነካካ መሆኑን ለይቶ እንደነገራት ከእናቷ ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ የፎቶ ቤቱ በር በተንኳኳ ቁጥር እሷ እየመሰለችኝ እደነግጥ ነበር።

በዓመቱ ከባሏ ጋር መጣች። አገጯ አምሯል፤ የታችኛው ከንፈሯ ግን በድን ሆኖ ቀርቷል። ሻይ አስመጣሁ። ስትጠጣ በአገጯ ላይ ይወርዳል፣ እሷ አይታወቃትም፤ ባሏ በመሀረቡ ይጠርግላታል። ሰውየው የመጣው ሊያመሰግነኝ ነበር፤ ሕክምናውን የጠቆምኩት እኔ መሆኔን ሰምቷል። እርስዎ ባይኖሩ ትዳራችን ፈርሶ ነበር ብሎ ከወንበሩ ተነሥቶ እጅ ነሳኝ።

አሁን ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ። ቀና ብላ አየችኝ።

"አዎ፣ ጋሼ ናቸው ለዚህ ያበቁኝ" አለች።

እኔም፣ አፍሬ መሬት መግባት ሲገባኝ፣ ምንም አይደል አልኳቸው።