በመብራቴ የሚሄደው ሰው

ዛሬ ሐይቅ ዳር ያገኘሁትን ሰው በደርግ ጊዜ ጆሮ ጠቢ ነው ብዬ እፈራው ነበር።

ያኔ ከከተማው ዳር ካለችው ከቱላ ወደ መሃል ከተማ ለሥራ የምመላለስበት ብስክሌት ገዝቼ ጎማው ሲዞር የሚሠራ ዲናሞና መብራት አስገጥሜለት ነበር። ጎህ ሳይቀድ በዚያ ንጹሕ አየር መንዳት እንዴት ደስ ይል ነበር!

አንድ ባለብስክሌት ግን በየቀኑ ይከተለኝ ጀመር። ስታጠፍ ይታጠፋል፤ ስቆም ይቆማል።

አንድ ማለዳ ጨከንኩና "ወንድሜ፣ ምን ፈልገህ ነው?" አልኩት።

"መብራት የለኝም፤ በአንተ መብራት ነው የምሄደው። አንተ ስትቆም መብራቱ ይጠፋል፣ መንገዱ አይታየኝም" አለኝ።

ከዚያ ጎን ለጎን መንዳት ጀመርን። ስሙን ነግሮኝ ስሜን ሲጠይቀኝ ግን ዋሸሁት። ማን ይታመናል?

ዛሬ "ያኔ የነገርኩህ ስም እኮ የኔ አልነበረም" አልኩት።

ትንሽ አየኝና "የኔም አልነበረም" አለኝ።

እናንተስ በዚያ ዘመን ስማችሁን ከማን ደበቃችሁ?