ደምሴ በጠሀ ሆድ ላይ ሲያነጣጥር

በአብዮቱ ዘመን አዋሳ፣ አዲስ ከተማ፣ የቀበሌያችን መዝናኛ ክበብ አንዲት የፑል ጠረጴዛ ነበረችው። ዕድሜዋን የሚያውቅ የለም፤ እኔ በበኩሌ ከሐይቁ ጋር አብራ የተፈጠረች ነች ባይ ነኝ። የዚህች ጠረጴዛ ንጉሥ ደምሴ ነበር። (ንጉሥ የሚለው ቃል ያኔ ስለማያዋጣ በሹክሹክታ ይነበብልኝ።) ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ሲበልት ይውልና፣ ከሰዓት በኋላ እጁን በሎሚ አሽቶ መምቻውን እንጨት፣ ስቴካውን፣ ይጨብጣል።

ደምሴ ኳስ በቀጥታ ጉድጓድ መክተት ይንቃል። «ቀጥታማ ጉማሬም ይከታል!» ይላል። የእሱ ነገር ስፖንዳ ነው፤ ኳሷን ከማዶው የላስቲክ ጠርዝ አላትሞ፣ አንጥሮ፣ ወደ ራሱ ጎን ጉድጓድ መመለስ። ዘዴውን ለጠየቀው ሁሉ ያስተምራል።

«ጠረጴዛውን እንደ መጽሐፍ ገጽ ወደ ማዶ ግለጠው። በሐሳብህ ነው እንጂ በእጅህ እንዳትነካው! አሁን ጉድጓዱ የት አረፈ? አግዳሚው ወንበር ላይ፣ ጠሀ ሆድ ላይ። በቃ፣ ላስቲኩን እርሳውና ጠሀን ምታ። ደግሞ በቀስታ፤ ከደበደብከው ላስቲኩ ያሳጥርብሃል።»

ባለሱቁ ጠሀ ዘወትር እዚያችው ቦታ ነው የሚቀመጠው። ሻይ የምታፈላልን ገበያነሽ ከጎኑ ናት፤ የማዕዘኑ ጉድጓድ የእሷ ጉልበት ነው። ማንም ቦታውን አይለቅም፤ ደምሴም ሳይስት ዓመታት አለፉ።

አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ግዛቸው፣ ክፍሉ ለውይይት ክበብ ስለሚፈለግ ጠረጴዛዋ ትነሳ አሉ። እየዬው ሐይቁን ሲያናውጠው ጊዜ ግን ለዘብ አሉ። «የጎረቤቱን ቀበሌ በፑል ካሸነፋችሁ ትቆያለች። ከተሸነፋችሁ ትወጣለች።»

የውድድሩ ዕለት ደምሴ ግሩም ጀመረ። ጨዋታው መሐል ላይ ግን የሰፈሩ ሽማግሌ አቶ ኩማ በሩ ላይ ብቅ አሉ። ኳስ በዱላ መምታት የዋልጌ ሥራ ነው ብለው ክበቡን ረግጠውት አያውቁም፤ የመጡት ጠረጴዛዋ ስትወጣ አይተው ሊደሰቱ ነው።

«ኖር!» ብለን ብድግ አልን።

«በእግዜር! ኧረ አይገባም፣ ተቀመጡ!»

ማን ይቀመጣል! ጠሀ ቦታውን ለቀቀላቸው፣ ገበያነሽ ለጠሀ ተጠጋችለት፣ አግዳሚው በሙሉ ወደ ጥግ ፈቀቅ አለ። ከዚያ በኋላ ደምሴ ሳተ። ደገመና ሳተ። ኳሷ ጉድጓዱን እንደ ባለዕዳ እየሸሸች ታልፈዋለች።

«ምነው ደምሴ፣ ዛሬ ዓሣው እጅህ ላይ ቀረ እንዴ?» አለች ገበያነሽ።

አሁን የቀረችው ጥቁሯ ኳስ ብቻ ነች። ካገባት ጠረጴዛዋ ትቆያለች፤ ከሳታት ተጋጣሚው በአፍንጫውም ቢሆን ይጨርሳታል። ደምሴ ጎንበስ ብሎ አነጣጠረ፣ ከዚያ ድንገት ቀና አለ።

«ጠሀ! ሆድህን ማን ወሰደው?»

«ሆዴ አብሮኝ ነው፤ ቦታውን ነው ለጋሼ ኩማ የለቀቅሁት!»

ለካ ጠሀ ሲፈናቀል የደምሴም ዓይን አብሮት ተፈናቅሏል። አሁን እውነተኛው ቦታ ላይ ያለው የአቶ ኩማ ሆድ ነው፤ በሽማግሌ ላይ ደግሞ እንጨት አይቀሰርም። ተነሱ ማለትም ነውር ነው። ደምሴን ላብ አጠመቀው።

«ጋሼ... አንድ ነገር ልለምንዎ?»

«እንድነሳልህ ነው?»

«ኧረ እንዳይነቃነቁብኝ ነው! ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሆድዎ ላይ ላነጣጥር ነው።»

ጓድ ግዛቸው ሳላቸውን ዋጡት። አቶ ኩማ ሆዳቸውን ጎንበስ ብለው አዩት።

«ይሄን ሆድ እስከ ዛሬ ለቁም ነገር የፈለገው ሰው የለም። በል፣ አነጣጥር። ልተንፍስ ወይስ ልተወው?»

«ለጊዜው ይተዉት።»

ደምሴ በቀስታ መታ። ጥቁሯ ኳስ ላስቲኩን ሳም አድርጋ፣ እየተንከባለለች ተመልሳ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ጠብ አለች። ጩኸታችን ጉዱማሌ ሜዳ ድረስ ተሰማ ይባላል፤ እኔ ግን ሻሸመኔም ሰምታለች ባይ ነኝ።

«ተባረክ!» አሉ አቶ ኩማ፣ የያዙትን ትንፋሽ እየለቀቁ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እየመጡ እዚያችው ቦታ ላይ መሰየም ሆነ ሥራቸው። ከእሳቸው የሚበልጥ ሽማግሌ ገብቶ ሁላችንም ኖር ብለን ስንነሳ፣ እሳቸው ከወገባቸው በላይ ብቻ እጅ ይነሳሉ።

«ይቅር በለኝ ወንድሜ፣» ይላሉ፣ ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ደግፈው፤ «እኔ ከተነሳሁ ይሄ ልጅ ኳሱን የት ያስገባል?»