ሳይሟሟ የወጣው ኪኒን

በመድኃኒት ፋብሪካው ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ ትልቁም ትንሹም «ዓይናማዋ» ነበር የሚላት። ኪኒኖቹ እየተንሸራተቱ ከሚያልፉበት ማሽን ዳር ቆማ የተሸረፈውን፣ የተሰነጠቀውን፣ ቀለሙ የወየበውን በጣቷ እየለቀመች ስታወጣ ኖራለች። በቤተ ሙከራው መስኮት በኩል ስታልፍ ደግሞ ኪኒኖቹ ሙቅ ውኃ ውስጥ ሲሟሙ ታያለች። በጊዜው ካልሟሙ ያ ሁሉ ምርት ይጣላል። የማይሟሟ ኪኒን ለእሷ ድንጋይ ነው።

ጡረታ ከወጣች በኋላ ባለቤቷን የደም ግፊት ያዘው። የጭነት መኪና ሹፌር የነበረ፣ ጨዋታ የማያልቅበት ሰው ነው። ሐኪሙ በቀን አንዴ ብቻ የሚዋጥ አዲስ ኪኒን አዘዘለት። እግሩን ስለሚያመው በፖፖ ነው የሚጠቀመው፤ የምትደፋው እሷ ናት። አንድ ጠዋት ልትደፋ ጎንበስ ስትል ኪኒኑ ከዓይነ ምድሩ መሃል እንዳለ ቁጭ ብሏል። ቀለሙን እንኳ አልለቀቀም። በማግስቱም እንደዚያው።

«ስማ፣ ይሄ መድኃኒትህ እንደገባ ነው የወጣው» አለችው።

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ድንጋይ ምን ያደርግልሃል? ተወው።»

«በኪኒን ነገር ሐኪሜ አንቺ ነሽ፤ እኔማ ዋጥ ሲሉኝ የምውጥ ሰው ነኝ» ብሎ ሳቀ። ተወውም።

ጥቂት ሰነባበተና አንድ ጠዋት የሻይ ብርጭቆው ከቀኝ እጁ አመለጠ። «ምነው?» ብላ ቀና ስትል አፉ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል። ሊመልስላት ሞከረ፤ የወጣው ግን ድምፅ እንጂ ቃል አልነበረም።

ሆስፒታል ገብቶ ነፍሱ ተረፈች። ሊወጣ ሲል ያንኑ ኪኒን መልሰው አዘዙለት። ደሟ ፈላ። ያኔ ከፖፖው አውጥታ፣ አጥባ በሶፍት ጠቅልላ ያስቀመጠችውን ኪኒን ይዛ መድኃኒት ክፍሉ ደረሰች።

«ልጄ፣ በዚህ ነው ሰው የምትገድሉት? ይኸው፣ አልሟሟም!»

ወጣቷ ፋርማሲስት አልተቆጣችም። ኪኒኑን በምላጭ ለሁለት ከፈለችው። ውስጡ ከትንሽ ሙጫ መሰል ነገር በቀር ባዶ ነው።

«ይዩት እማማ፣ ቅርፊት ብቻ ነው። ይቺን ቀዳዳ አዩዋት? መርፌ የወጋት የምትመስለውን? መድኃኒቱ በሷ በኩል ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ ይወጣል። ቅርፊቱ እንዳይሟሟ ተደርጎ ነው የተሠራው። እንኳንም አልወቀጡት! የቀኑ መድኃኒት ሁሉ ባለቤትዎ ላይ ባንዴ ይለቀቅባቸው ነበር።»

ዓይናማዋ ቅርፊቱን ወደ ብርሃኑ አስጠጋችው። ፋብሪካ ሳለች ቀዳዳ ያለው ኪኒን ቢያጋጥማት ቀድማ የምትጥለው እሷ ነበረች።

«እየሠራለት ነበር ማለት ነው» አለች። ፋርማሲስቷ ወንበር ሳበችላት።

ቤት ሲገቡ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረችው። እሱም በተሳሰረ ምላሱ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየለቀመ፣

«ጭነቱን አራግፎ… ባዶውን የሚመለስ መኪና ነዋ» አለ። «ባዶውን አይተሽ… አላደረሰም አልሽ።»

የአፉን ዳር ጠረገችለት።

«ስጪኝ በይ» አለና አፉን ከፈተ።

በማግስቱ ጠዋት ፖፖውን ወደ መስኮቱ ይዛ ሄደች።

«አራገፈ?» አላት ከአልጋው።

«አራግፏል።»

ቀኝ እጁ ግን ከዚያ ወዲህ ብርጭቆ አንስቶ አያውቅም። ኪኒኑን ሲውጥ ውኃውን የምትይዝለት እሷ ናት።