ስምንት ነጥብ ሲቀር

አብረን የሠራነው የመጨረሻው ሥራ የባቄላ እሸት መፈልፈል ነበር። ባሌ ጋቢውን ተከናንቦ ግድግዳው ሥር ፀሐይ ይሞቃል፤ ሰፌዱ በመካከላችን ነው። ጊዜው ጣሊያን ከወጣ ወዲህ፣ ንጉሡ ሳሉ ነው። እሱ ጎንደር ከተማ የሂሳብ መምህር ነበር። አንድ አሜሪካዊ መምህር እንቁላል የመሰለ ኳስ አምጥቶ፣ በእጅ ይዘው እየተጋፉ የሚሮጡበትን ጨዋታ ለተማሪዎች አስተማረና አገሩ ገባ። ቡድኑን ባሌ ተረከበ።

የባቄላውን ፍሬ ሰፌዱ ላይ ደርድሮ ያስረዳኝ ጀመር። ኳሱን ይዞ መጨረሻውን መስመር ያለፈ ቡድን ስድስት ነጥብ ያገኛል። ከዚያ ምርጫ አለው። በእግሩ መትቶ በሁለቱ እንጨቶች መካከል ካሳለፈው አንድ ይጨመርለታል፤ ይህ ቀላሉ ነው። እንደገና ይዞ ገፍቶ ከገባ ግን ሁለት፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይከሽፋል።

«በዐሥራ አራት ተመርተን ስድስት አገባን እንበል። ስምንት ቀረን፤ ገና አንድ ጊዜ መግባት አለብን። አንዱን ልውሰድ ወይስ ሁለቱን ልሞክር?»

«አንዱን ነዋ። ሁለቱን ለመጨረሻ አቆየው።»

«እኔ አሁኑኑ እሞክራለሁ።»

«ቢከሽፍስ? የልጆቹ ወገብ ይቆረጣል። ተስፋ ይዘው ቢጫወቱ አይሻልም?»

«ከከሸፈ የጎደለኝን አውቄ እጫወታለኋ። ጊዜው ሲያልቅ ባውቀው ምን ይረባኛል፣ እሜቴ?»

አንዱን ባቄላ ከነልጣጩ ሰፌዱ ላይ ጣልሁት። ከሁለት ሳምንት በፊት ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ፣ ጉበቱ አልቋል፣ እስከ ገና በዓል አይቆይም ብሎኝ ነበር። በእኛ አገር እንዲህ ያለው ነገር ለታመመው ሰው አይነገርም። እኔም ጨጓራ ነው ብዬዋለሁ።

«ምነው ከነልጣጩ ጣልሽው? ሐኪሙ ሌላ ያለሽ ነገር አለ?»

«ምን ይለኛል? በርበሬ ተው አለህ እንጂ።»

«ሸጋ። እንግዲያው ለገና አዲ አርቃይ ወርጄ እናቴን አያለሁ።»

በአምስተኛው ቀን ሞተ።

እናቱ በጭነት ማኪና ተሳፍራ የደረሰችው ከተቀበረ በኋላ ነው። እጄን ይዛ፣ «ልጄ፣ እንዲህ መሆኑ አልታወቀም ነበር?» አለችኝ። «አልታወቀም» አልኋት። ለሷም ዋሸሁ።

ይህችን ያህል ስጽፍ ሦስት ጊዜ ተነሥቼ በሩን ከፍቻለሁ፣ ዘግቻለሁ። ሐኪሙ ከነገረኝ ባሌ እስከ ሞተበት ቀን ድረስ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ነበር። ወደ አዲ አርቃይ የሚወርድ ማኪና በሳምንት ሁለት ጊዜ አይጠፋም። ብነግረው ይሰበር ነበር እላለሁ፤ ደግሞ አይሰበርም ነበር እላለሁ። የሰፌዱ ላይ ሙግት የገባኝ እየቆየ ነው፤ እሱ የሚጫወተው የጎደለውን ካወቀ ብቻ ነበር።

በሙት ዓመቱ ለእናቱ እውነቱን ነገርኋት። «ለሱ ብለሽ ነው» ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አላለችም። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ ከዚያ ወዲያ ቤቴ አልመጣችም።

አሁን ማንበብ የማይችሉ ጎረቤቶቼ ከሩቅ የሚላክላቸውን ደብዳቤ ያመጡልኛል። ክፉውን ቃል ሳልዘል አነብላቸዋለሁ።