ከጎመኑ አጠገብ የተተከለው

ባለፈው ቅዳሜ ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ቀይ መብራት ያዘኝ። የጥድ ብናኝ መኪናውን ሁሉ ቢጫ የሚያለብስበት፣ ሙቀቱ ግን ገና ሰው የማያስመርርበት ወቅት ስለሆነ መስኮቴን ከፍቼ ነበር። ከአጠገቤ የቆመው መኪናም መስኮቱ ክፍት ነው። ከዚያ ውስጥ ያ ሽታ መጣ፤ እርጥብ ሣር፣ የብርቱካን ልጣጭና ጥርኝ አንድ ላይ የተወቀጡ የሚመስል። እጄ ሳላዘው መስኮቱን ዘጋ። ዓይኔም በኋላ ማሳያው መስታወት ውስጥ የፖሊስ መኪና መፈለግ ጀመረ። ሹፌሩ በዘፈኑ ራሱን ይነቀንቃል እንጂ ጉዳዩም አልነበረም። እኔ የያዝኩት ከኋላ ወንበር ላይ ያለ የጎመን ችግኝ ብቻ ነው። ልቤ ግን እንደዚያ ዘመን ይመታ ነበር።

ያን ጊዜ ገና ወጣት ነበርኩ። በዲቪ መጥቼ፣ ለምግብ ቤቶች አትክልትና ቅመም የሚያከፋፍል መጋዘን ውስጥ ቫን እነዳለሁ። የዜግነት ማመልከቻዬን አስገብቼ የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ እጠብቅ ነበር። የምኖረው ስኔልቪል ነው፤ እትዬ የሺና ባለቤታቸው ጋሽ ኃይሉ የቤታቸውን ቤዝመንት፣ ማለት ምድር ቤቱን፣ አከራይተውኝ። ሁለቱም በሱዳን በኩል በስደት የመጡ ናቸው። ጋሽ ኃይሉ ኤርፖርት ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። የእትዬ የሺ ሥራ ደግሞ የአትክልት መደባቸው ነው። ጓሮው በጥድ ጥላ ስለተሸፈነ ጎመናቸውን፣ ቃሪያቸውንና ጤና አዳማቸውን የሚተክሉት ከቤቱ ፊት ለፊት፣ መንገድ ዳር ነበር። ከመንገዱ ማዶ የሚኖረው ጎረቤት ፖሊስ ነው፤ የሥራ መኪናውን ደጁ ላይ ያቆማል።

ነገሩ የጀመረው በቀልድ ነው። ማርከስ የሚባል የሥራ ባልደረባዬ ነበር። የተበላሸ የእጅ ጋሪ ፈትቼ ስገጥም ያየኝና አንድ ቀን በወረቀት የተጠቀለሉ ጥቂት ፍሬዎች መዳፌ ላይ አስቀመጠ። «አንተ የማታስተካክለው ነገር የለም፤ እስቲ ይሄን አብቅል» አለኝ። የካናቢስ ዘር ነበር። አጭሼ አላውቅም፣ ማጨስም አልፈለግኩም። ግን ቀጠሮ የሚጠብቅ ሰው እጁ ሥራ ይፈልጋል። ከሥራ ስመለስ ተቀምጬ ደብዳቤ ከመጠበቅ፣ የልብስ ክሎዜቴን ባዶ አድርጌ መብራት ሰቀልኩበት፣ ትንሽ ማራገቢያ ገዛሁ፤ ስለ ተክሉ የተለቀቀ ቪዲዮ አንድ አላስቀረሁም።

ጀማሪ የሚሠራውን ስህተት ሁሉ ሠራሁ። ትልቁ ውሃ ማብዛት ነበር። አፈሩ ሳይደርቅ አጠጣለሁ፣ ቅጠሉ ይዝላል፤ የዛለው ጠምቶት ነው ብዬ እንደገና አጠጣለሁ። ግማሾቹ በዚህ ሞቱ። እጄን መሰብሰብ ስማር ሁለት ተረፉ፤ አንዱ ቀጥ ያለ ረጅም፣ ሌላው ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ድንክ። የቅጠሎቻቸው ጫፍ ቢጫ ሲሆን እኔም ምግብ አልበላም። ጠዋት ሥራ ከመሄዴ በፊት በሩን ከፍቼ ካላየኋቸው ቀኑ አይገፋልኝም ነበር።

ሲያድጉ ግን ሽታው መጣ፤ እረፍቴም ሄደ። የጎረቤታችን የመኪና በር ተዘጋ ማለት እኔ ከአልጋዬ ተነሣሁ ማለት ነው። አንድ ክስ ወረቀቴን እንደሚያበላሽብኝ አውቃለሁ። ግሪን ካርዴን አስቀምቶ ከአገር ሊያስወጣኝም ይችላል። ነገ እነቅላቸዋለሁ እላለሁ። በማግሥቱ ደግሞ አዲስ ቅጠል አውጥተው ያድራሉ።

ሽታውን እትዬ የሺ አስቀድመው ሰሙት።

«ኃይሉ፣ ከቤቱ ሥር ጥርኝ ገብቷል» አሉ።

«አሜሪካ ጥርኝ የለም። ስከንክ የሚሉት ግም አውሬ ነው» አሉ ጋሽ ኃይሉ። ወዲያው ወጥመድ ገዝተው መጡና ቱና ሊያደርጉበት ሲሉ እትዬ የሺ ቆርቆሮውን ከእጃቸው ቀሙ።

«በሁዳዴ? እኔ እየጾምኩ አውሬ ከደጄ ዓሣ ሊበላ?»

«አውሬው ኦርቶዶክስ ነው እንዴ፣ የሺ?»

«ቤቱ ኦርቶዶክስ ነው!»

በመጨረሻ በኦቾሎኒ ቅቤ ተስማሙ። የተያዘው ግን የፖሊሱ ድመት ነበር። ሰውየው ሊወስዳት መጥቶ፣ የእኔ መስኮት አጠገብ ቆሞ አየሩን አሸተተና «አዎ፣ ስከንክ ነው» ብሎ ሄደ። እኔ ከመስኮቱ ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነበር።

በዚያው ሰሞን የቀጠሮው ደብዳቤ ደረሰ። ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ እነቅላቸዋለሁ ብዬ ቆርጬ ወጣሁ። ያን ቅዳሜ ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ዝንጅብል እያራገፍኩ ስልኬ ጮኸ፤ እትዬ የሺ ናቸው።

«ቢኒ ልጄ፣ ይቅርታ፣ ክፍልህ ገብተን ነበር። የውሃ ማሞቂያው ጠፍቶ ኃይሉ በአንተ በኩል አልፎ ሊያስተካክል ነው። ከክሎዜትህ በር ሥር ብርሃን ሲወጣ እሳት መስሎኝ ከፈትኩት።»

የዝንጅብሉን ካርቶን መሬት አስቀመጥኩ።

«እንዴት ያለ ጭካኔ ነው ግን! ውጭ ይሄ ሁሉ ፀሐይ እያለ ተክል በጨለማ ይዘጋል? ጉሎ ነው አይደል? ቅጠሉ እንደ ጣት የተዘረጋው?»

«አዎ» አልኩ።

«አውጥቻቸዋለሁ። ትልቁን ከጎመኑ አጠገብ ተከልኩት። ትንሹን አስቴር ችግኝ ስለምትወድ ሰጠኋት፤ አሁን ይዛ ወጣች። ለቤት ካለ ለሰው ማካፈል ነው እንግዲህ።»

ለመጋዘኑ ደውዬ አመመኝ አልኩ፤ ውሸትም አልነበረም። መንገዱ ሁሉ ሳስብ የነበረው ስለ ወረቀቴ ብቻ አልነበረም። ተክሉ አሁን ያለው በእነሱ አፈር፣ በእነሱ ደጅ ነው። ሰው ቢያየው የሚጠየቁት ሁለቱ ሽማግሌዎች ናቸው።

ስደርስ ፖሊሱ ከማዶ ውጭ ወጥቶ መኪናውን ያጥባል። እትዬ የሺ የውሃ ቱቦ ይዘው መደቡ ላይ ቆመዋል። የቲማቲም መደገፊያ ሽቦውን ተክሉ ላይ አቁመው ነጠላቸውን አልብሰውታል። ከላይ እስከ ታች ምንም አይታይም።

«ፀሐይ ስላልለመደ እንዳይጠወልግ ብዬ ነው» አሉኝ።

ጎመኑ በውሃ ተጥለቅልቋል፤ ጭቃው ወደ መንገዱ ይወርዳል። በዚያ ጭንቀት ውስጥ እንኳን ዓይኔ እሱን አላለፈም። «እትዬ፣ ውሃ አብዝተውበታል» አልኩ።

«ይጠጣ ልጄ። ዛሬ ጠምቶታል።»

መንገድ ላይ ያዘጋጀሁትን ተናገርኩ፤ «ተክሉ ትል አለበት። ወደ ጎመንዎ ይተላለፋል።»

እትዬ የሺ ሌላ ቃል አልጠየቁም። ፖሊሱ ወደ ባልዲው ዞር ሲል ጎንበስ አሉና ከነሥሩ ነቅለው፣ በነጠላው ጠቅልለው እንደ ሕፃን አስታቀፉኝ። «በል ግባ። የአስቴርንም ሂድና አምጣው፣ ዛሬውኑ» አሉ።

እትዬ አስቴር የእትዬ የሺ የማኅበር ጓደኛ ናቸው፤ ቤታቸው ፓይን ሌክ፣ ከሐይቁ ፊት ለፊት ነው። መንገደኛ ሁሉ ውሻውን ይዞ በዚያ ያልፋል። ድንኩ ተክል በረንዳው አጥር ላይ፣ በቀይ ማሰሮ፣ ለእይታ እንደተዘጋጀ ቆሟል።

«ትል አለበት? ይሄ የመሰለ?» አሉ እትዬ አስቴር። «የሰጠውን መልሶ የሚወስድ ሰው ገና ዛሬ አየሁ። እሺ፣ ትወስዳለህ። ግን ሱፍ ፍትፍት ሳትቀምስ አትሄድም።»

እምቢ ብል ይጠረጥራሉ ብዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያለ ጥሩ ሱፍ ቀምሼ አላውቅም፤ ዓይኔ ግን ከማሰሮው አልተነሣም። አንድ ወጣት ትልቅ ውሻ እየጎተተ መጥቶ ከአጥሩ ሥር ቆመ። ማሰሮውን አየ፣ እትዬ አስቴርን አየ፣ ከዚያ አውራ ጣቱን አነሣ።

«ናይስ ጋርደን፣ ማም!»

«ታንክ ዩ!» አሉ በኩራት፣ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። «ጉሎ! ሜዲሲን! ፎር ስቶማክ!»

ልጁ ሳቁን ለመያዝ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ። እኔ የመጨረሻውን ጉርሻ ሳላኝክ ዋጥኩ።

ሁለቱንም በዚያው ቀን ቆራርጬ አስወገድኩ። ክሎዜቱን አጥቤ ልብሴን መልሼ ሰቀልኩ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ይልቁንስ ለብዙ ቀን ጠዋት ጠዋት የክሎዜቱን በር ከፍቼ ሸሚዞቼን አይ ነበር።

ዜግነቱን ያገኘሁ ዕለት እትዬ የሺ ራት ደገሱ። ሰው ሁሉ ከተሸኘ በኋላ በማሰሮ የተተከለ በሶብላ ይዘው መጡ።

«ይሄኛውን በፀሐይ አሳድገው» አሉኝ።

ማሰሮውን ተቀበልኳቸው።

«ያን ቀን ደስ ብሎኝ ያንን ነገር ፎቶ አንስቼ ዳላስ ላለችው ልጄ ላኩላት። ለአንተ ደውዬ ስልኩን ሳላስቀምጥ ደወለች። እየጮኸች! ማሚ ሊያስሩሽ ነው አለችኝ።»

«ታዲያ ለምን ወዲያው አልነቀሉትም?»

«ልነቅል ጎንበስ ስል ያ ሰውዬ መኪናውን ሊያጥብ ወጣ። በፊቱ ልንቀለው? ነጠላዬን አለበስኩትና ውሃ ማጠጣት ጀመርኩ። ስንት ጊዜ እንዳጠጣሁ አላውቅም፤ ቱቦውን ከዘጋሁ ለምን ቆመች ይላል ብዬ። ለአስቴርም ወደ ቤት አስገቢው ብያት ነበር፤ እሷ ሰው ይይልኝ ብላ አወጣችው።» ከዚያ ሳቁ። «ነጠላዬ ሽታው እስኪለቅ ስንቴ አጠብኩት መሰለህ።»

«ለምን አልተቆጡኝም?»

«ስትገባ ፊትህን አየሁት» አሉ።

የቡፎርድ ሃይዌዩ መብራት አረንጓዴ ሲሆን መስኮቴን መልሼ ከፍቼ ወደ ስኔልቪል ነዳሁ። የእትዬ የሺ ጉልበት ጎንበስ ማለት ካስቸገረው ወዲህ ጎመናቸውን የምተክለው እኔ ነኝ። እሳቸው ወንበር አስወጥተው ይቆጣጠራሉ፤ ይሄ ጠመመ፣ ያ ተጠጋ ይላሉ። ያን የጸደይ ወቅት ሁሉ ብቻዬን የተጨነቅኩ ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ባሰብኩ ቁጥር ግን አሁን ፊቴ የሚመጣው ፖሊሱ አይደለም። የማየው እሳቸውን ነው፤ ጥላ በሌለበት ፀሐይ፣ ከተጥለቀለቀ ጎመን ፊት፣ ቱቦ ይዘው ቆመው እኔን ሲጠብቁ።

ችግኞቹን ተክዬ ስጨርስ ቱቦውን ያዝኩ። ጎመን ምን ያህል ውሃ እንደሚበቃው ከማንም በላይ አውቃለሁ። ውሃው ከመደቡ አልፎ ወደ መንገዱ መውረድ ሲጀምርም ግን አልዘጋሁትም።

«ኧረ በቃው፣ ቢኒ» አሉ ከወንበራቸው።

«ይጠጣ፣ እትዬ» አልኳቸው።