ጋሽ ምንይሉ በሃምሳው አልዘምርም ያሉ ዕለት

ጋሽ ምንይሉን እወዳቸዋለሁ፤ እልኻቸውን ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። በመሐል ሜዳ ዙሪያ ያንን የጥንት የሑዳዴ መዝሙር ከነሙሉ ግጥሙ የሚያውቁት በገና ደርዳሪ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ከአባታቸው በቃል ተቀበሉት እንጂ በወረቀት አልሰፈረም።

አምና ሲና የምትባል የሙዚቃ ደራሲ ከአዲስ አበባ መጣች። መዝሙሩን ለትልቅ ኦርኬስትራ እንደ አዲስ ልትሠራው ፈልጋ ነው። እሳቸው ቤት ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ። ችግሩ፣ ፋሲካ ካለፈ ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር።

«ልጄ፣ በገና የሐዘን ነው። ጌታ ተነሥቶ እያለ በሃምሳው አላለቅስበትም» አሏት።

ለመንናቸው። ባለቤታቸው እትዬ አያልነሽም «አገር አቋርጣ የመጣች ልጅ ናት እኮ፣ ምን አለበት?» አሉ። ወይ ፍንክች! በመከራ በገናውን ብቻ ሊቃኙላት ተስማሙ። አሥሩን አውታር አንድ በአንድ ሲመቱ ሲና ንዝረቱን ቀረጸች።

«ግጥሙን በሑዳዴ ነይ፣ እስኪበቃሽ እዘምርልሻለሁ» ብለው ሸኟት።

ጥር ላይ ግማሽ ጎናቸውን መታቸው። ምላሳቸው ተሳሰረ፤ መጻፊያ እጃቸውም አልታዘዝ አለ።

ሲና ሑዳዴ ሲገባ በቃሏ መጣች፤ ሥራዋን በላፕቶፕ ይዛ። «የአውታሩን ንዝረት በጣም አዘግይቼዋለሁ፤ ቃሉ የሚገባበትን ቦታ ገና ሳይታመሙ ለእርስዎ ትቼው ነበር» አለቻቸውና ከፈተችው። ሠላሳ ሰው በቫዮሊንና በቼሎ የአንዱን አውታር ንዝረት ይዞ ይቆያል። አይወጣም፣ አይወርድም። እኔማ ማሽኑ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ጋሽ ምንይሉ ግን የገዛ በገናቸውን አውታር ወዲያው አወቁት። በግራ እጃቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ቆጠሩና ቃሉ የሚገባበት ቦታ ሲደርስ አፋቸውን ከፈቱ። «እ… እ…» ብቻ ወጣ። እንባቸው ወረደ። ሲና ልትዘጋው ስትል እጇን ያዟት።

ይሄኔ እትዬ አያልነሽ መዝሙሩን ከተቀመጡበት አነሡት። ድምፃቸው ቀጭን ነው፤ ዜማው ግን ልክ ነበር! ጋሽ ምንይሉ በርግገው ዞሩ። ሲና እየተጣደፈች መቅረጫዋን አወጣች። እኔም ተመስገን አልኩ፤ ቸኩዬ ነበር።

የመጀመሪያው አንጓ አለቀ። ኦርኬስትራው እንደዘለቀ ነው፤ እትዬ ግን ዝም አሉ። ባላቸው በእጃቸው ቀጥዪ፣ ቀጥዪ ይሏቸዋል።

«ከዚህ ወዲያ አላውቀውም» አሉ እትዬ፣ ባላቸውን እያዩ። «ሁልጊዜ እዚህ ጋ ስትደርስ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።»