እርጥብ የታሰረችው ታንኳ

አጎቴ ሙዘይን፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ በአርዲቦ ሐይቅ ዳር ሰው ሁሉ የሚቀልድባቸው ዝግተኛ ታንኳ ሠሪ ነበሩ። ደንገሉን ካጨዱ በኋላ ሳምንታት አስጥተው ያገላብጡታል፤ ገርጥቶ እስኪንኮሻኮሽ ገመድ አያስነኩትም። «ደንገል ውሃው ሲወጣ ይከሳል፤ እርጥቡን ያሰሩበት ገመድ ይሰፋዋል» ይላሉ።

በ2014 ኅዳር ጦርነቱ እኛ ዘንድ ደረሰ። ባሌ ባድሩ ከሳውዲ ከተመለሰ ገና ሦስት ወሩ ነበር። ጎረምሳ እየተፈለገ ነው ሲባል ነፍሴ ተጨነቀች፤ ማዶ ዘመዶቼ ጋ ላሻግረው ፈለግሁ። የመንደሩ ታንኳዎች ሰው ይዘው ሄደው አልተመለሱም።

«ዛሬውኑ ይሥሩልኝ» አልኳቸው አጎቴን።

«ደንገሉ ትናንት የታጨደ ነው ሀውራ፣ ታገሺ።»

«ባሌ ሲገደል ልታገስ? ለሳር ነው የሚሳሱት?»

አይ የኔ ነገር! አፌ ድሮም ክፉ ነው፤ ወላሂ ያን ቀን ባሰ። አጎቴ አንገታቸውን ደፍተው እርጥቡን አሰሩት።

ታንኳዋ እንዳለቀች ዳርቻው በታጣቂ ተሞላ። ዘጠኝ ቀን ፀሐይ ላይ ተቀመጠች። በዘጠነኛው ቀን፣ ዓርብ፣ አጎቴ ወደ መስጊድ ሲሄዱ ለእኔ ብቻ ነገሩኝ፦ «ገመዱ ላልቷል። ከጁምዓ ስመለስ አጠብቀዋለሁ፤ እስከዚያ እንዳትነኳት።»

እሳቸው እንደሄዱ ታጣቂዎቹ ተነሡና ዳርቻው ጭር አለ። ማን ይጠብቃቸው፣ የእሳቸው ቶሎ እኮ ማታ ነው! ታንኳዋም ቢጫ ሆና፣ ቀለል ብላ አማረችኝ። ባድሩን አስቀምጬ በገዛ እጄ ገፋኋት። መሃል ላይ የደንገሉ እስሮች ከሥሩ አንድ በአንድ ሾለኩ። ባድሩ ዋና አይችልም ነበር። ስሜን ሁለት ጊዜ ጠራ።

ለቅሶው ላይ ሽማግሌዎቹ «እርጥብ ደንገል ማን አሰረ?» ብለው ጠየቁ።

«እኔ ነኝ» አሉ አጎቴ። ወደኔ አንዴ አዩ። «እንዳትነኳት» ማለታቸውን አላወጣሁም። ከዚያ ወዲያ ታንኳ አልሠሩም፤ የባድሩ እናት ረቢያም ሰላምታቸውን ተቀብላ አታውቅም።

ዘንድሮ አረፉ። ጀናዛው ከቤት ሳይወጣ ሼኹ እንደ ወጉ «የበደሉት ሰው ካለ ዓውፍ ይበላቸው፣ ይቅር ይበላቸው» አሉ። ረቢያ ከሴቶቹ መሃል ብድግ አለች።

«ልጄን በልተውብኛል» አለች። «ለአላህ ብዬ ዓውፍ ብያለሁ።»

ሰው ሁሉ አለቀሰ። እኔም ከሴቶቹ ጋር «ዓውፍ ብለናል» አልኩ።